የአንባቢያን ጥያቄ፦ የየኔንጋ ፈረስ የሚሰጠው ለማን ነው?

ባለፈው እትም ስለ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ያወጣነው ጽሑፍ፣ ፊልሙ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ እንደወሰደ ጠቅሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ፌስቲቫሉና ስለ ሽልማቱ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ ጠቅልለን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተንባቸዋል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጡረታ የተገለልሁ የታሪክ መምህር ነኝ። «ጤዛ» የአፍሪካን ኦስካር አገኘ ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በእርግጥ ከኦስካር ጋር የሚመሳሰል ነገር ነውን? ይበልጥ የሚገርመኝ ግን፣ እንደ ቡርኪና ፋሶ ያለ የባሕር በር እንኳ የሌለው ድኻ አገር የአህጉሩ የፊልም መናኸሪያ ለመሆን የበቃበት ምክንያት ነው። (ከጎንደር)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «የአፍሪካ ኦስካር» የሚለው አጠራር ጋዜጠኞች ነገሩን ለማቅለል ያመጡት ነው እንጂ የሁለቱ አሠራር ለየቅል ነው። ኦስካር በሺዎች የሚቆጠሩ የአካዳሚው አባላት ድምፅ የሚሰጡበት የሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው። ፌስፓኮ ግን ፊልሞች ለአንድ ሳምንት ያህል በከተማው አዳራሾች ለሕዝብ የሚታዩበት ፌስቲቫል ሲሆን፣ አሸናፊውን የሚመርጡት ከልዩ ልዩ አገሮች የተጠሩ በጣት የሚቆጠሩ ዳኞች ናቸው። «ጤዛ» የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ የተሸለመው የካቲት 28 ቀን 2001 ዓ.ም. በተጠናቀቀው 21ኛው ፌስፓኮ ነው፤ ፌስቲቫሉም በዚያን ጊዜ 40ኛ ዓመቱን እያከበረ ነበር። ፊልሙ ቀደም ብሎ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቱኒዚያው የካርቴጅ ፌስቲቫል ደግሞ ታላቁን ሽልማት፣ የወርቅ ታኒትን፣ ወስዶ ነበርና፣ ዋጋዱጉ የደረሰው ስሙ ከቀደመው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። በ1969 የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ የላይኛው ቮልታ ትባል ነበር። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አፍሪካ በአብዛኛው የሲኒማ አዳራሹም ሆነ ፊልም የማከፋፈሉ ሥራ ኮማሲኮና ሴክማ በሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች እጅ ነበር። አዳራሾቹ የሚያሳዩት ከውጭ የመጣ ፊልም ብቻ ስለሆነ፣ የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤንም ሆነ የኒጀሩ ኡማሩ ጋንዳ የሠሩትን ፊልም የገዛ ሕዝባቸው የሚያይበት ሥፍራ አልነበረውም። በዋጋዱጉ ያሉ የፊልም ወዳጆች በየካቲት 1969 አንድ የአፍሪካ ሲኒማ ሳምንት ያዘጋጁት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አሊማታ ሳሌምቤሬ የምትባል ሴት ስትሆን፣ በመጀመሪያው ዙር ፊልማቸው የታየላቸው የአፍሪካ አገሮች አምስት ብቻ ነበሩ።

በዓመቱ የሆነው ነገር የፌስቲቫሉን ዕጣ ወሰነ። በጥር 1970 መንግሥት ከኩባንያዎቹ ጋር በቲኬት ዋጋ የተነሣ ተጣልቶ የሲኒማ አዳራሾችን ወረሰ። ኩባንያዎቹ በአጸፋው ለአገሪቱ ፊልም ማቅረብ አቆሙ። መንግሥቱም አዳራሾቹን የሚያስተዳድር የራሱን ድርጅት አቁሞ፣ ከቲኬት ሽያጭ የሚቀነሰው ገንዘብ የአገር ውስጥ ፊልም እንዲሠራበት አደረገ። ጋስተን ካቦሬ በ1982 የሠራው «ዌንድ ኩኒ» ወጪው በአብዛኛው የተሸፈነው ከዚህ ገንዘብ ነው፤ ይኸው ዳይሬክተር ከዓመታት በኋላ በ1997 የወርቅ ፈረሱን ወስዷል። ፌስቲቫሉም በ1972 መጀመሪያ በመንግሥት ድንጋጌ ቋሚ ተቋም ሆነ፤ ታላቁ ሽልማትም በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለኡማሩ ጋንዳ ተሰጠ። ከ1979 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመታት ይካሄዳል። በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ በ1976 የፊልም ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1983 የፊልም ገበያ ተጨመረ፤ በ1989 ደግሞ የአፍሪካ ፊልሞች ቅጂ የሚጠበቅበት ሲኒማቴክ ተመሠረተ።

እንግዲህ መምህር፣ አገሪቱን የፊልም መናኸሪያ ያደረጋት የሽልማቱ ድምቀት ብቻ አይደለም። ዋንጫው የመጣው አዳራሹ ከተያዘና ገንዘቡ መንገድ ካገኘ በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያውና ማኅደሩም ከዚያ ተከተሉ። ይህ ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ላሉት መልሶች ሁሉ መነሻ ስለሚሆነኝ አስረግጬ ማስቀመጥ ፈልጌአለሁ። ሁሉም ነገር እንደ ጅማሬው ቀጠለ ማለቴ ግን አይደለም፤ የመንግሥቱ የሲኒማ ድርጅት ከጊዜ በኋላ ፈርሷል፣ የፊልም ትምህርት ቤቱም ብዙ ሳይቆይ በ1987 ተዘግቷል፣ በየክፍለ ሀገሩ የነበሩ አዳራሾች ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ፌስቲቫሉ ግን መንግሥታት በመፈንቅለ መንግሥት ሲለዋወጡ፣ ከ2016 ወዲህም ዋና ከተማይቱ ራሷ በታጣቂዎች ጥቃት ስትደማ፣ መካሄዱን አላቋረጠም። በኮሮና ምክንያት በ2021 ከየካቲት ወደ ጥቅምት መገፋቱ እንኳ እንደ ትልቅ ነገር የተወራው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሽልማቱ ለምን ፈረስ ሆነ? በላዩ ላይ የተቀመጠችውስ ሴት ማን ናት? (ከደሴ)

መልስ፦ ሐውልቱ የኋላ እግሮቹ ላይ በቆመ ፈረስ ላይ ጦር ይዛ የተቀመጠች ሴትን ያሳያል። ሴቲቱ የኔንጋ ትባላለች፤ በሞሲ ሕዝብ ትውፊት መሠረት የዳጎምባው ንጉሥ የኔዴጋ ልጅ ነበረች። በፈረስ ግልቢያና በጦር ውርወራ ከወንዶች የምትበልጥ ስለነበረች አባቷ ከሠራዊቱ እንዳትለየው ብሎ ለባል አልሰጥም አለ። እርሷም እርሻ አዘርታ፣ ሰብሉ ደርሶ ሳይሰበሰብ እንዲበላሽ ተወችው። አባቷ ስለ ብክነቱ ሲቆጣ፣ አንተም እኔን እንዲሁ እያደረግኸኝ ነው አለችው ይባላል። ንጉሡ አልሰማ ሲላት በፈረሷ አመለጠች፤ ፈረሱም ጫካ ውስጥ ሪያሌ ወደሚባል ዝሆን አዳኝ ጎጆ አደረሳት። ከእርሱ የወለደችውን ልጅ ባለውለታዋን ፈረስ ለማስታወስ ዌድራጎ፣ ማለትም ድንጉላ፣ ብላ ጠራችው። የሞሲ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከዚህ ልጅ ነው። የዛሬዎቹ የቡርኪና ፋሶ ሰዎች ብዙዎቹ ዌድራጎ የሚል የቤተሰብ ስም የሚይዙትም፣ በ1991 የወርቅ ፈረሱን የወሰደውን ዳይሬክተር ኢድሪሳ ዌድራጎን ጨምሮ፣ ከዚሁ የተነሣ ነው። ከ2005 ጀምሮ ፈረሱ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ተብሎ በሦስት ደረጃ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የፊልም ኤዲተር ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በየሳምንቱ አዲስ የአማርኛ ፊልም ይወጣ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ለፌስፓኮ ዋና ውድድር የበቃ አለመስማቴ ይቆጨኛል። ፊልሞቻችን ደካማ ስለነበሩ ነው ወይስ ፌስቲቫሉ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለሚያደላ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከሁለቱ በፊት ሊቀድም የሚገባው ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም የቅጂው ዓይነት ነው። እስከ 2013 ድረስ በነበረው ደንብ አንድ ረጅም ፊልም ለየኔንጋ ፈረስ ለመወዳደር በ35 ሚሊ ሜትር የታተመ ቅጂ ማቅረብ ነበረበት። የአዲስ አበባ ፊልም ግን በእነዚያ ዓመታት በዚያ ፍጥነት ሊበዛ የቻለው በትክክል ከሴሉሎይድ፣ ማለትም ከፊልም ጥቅል፣ ስለተላቀቀ ነው። በቪዲዮ ካሜራ ይቀረጻል፣ በኮምፒዩተር ይቆረጣል፣ በፕሮጀክተር ይታያል። ያንን ቪዲዮ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ማዞር በውጭ አገር ላቦራቶሪ የሚሠራና በአስር ሺዎች ዶላር የሚጠይቅ ነበርና፣ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ራሱ ከተሠራበት ገንዘብ ይበልጥ ነበር። በናይጄሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የቪዲዮ ፊልሞች የሚሠሩ ባልደረቦቻችሁም በዚሁ ደንብ ከበር ውጭ ቆመው ኖረዋል። «ጤዛ» ይህን አጥር ሊሻገር የቻለው ከጀርመንና ከፈረንሳይ አምራቾች ጋር በሽርክና ስለተሠራ ነው፤ ኃይሌም ቢሆን ፊልሙን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል።

የፌስቲቫሉ ደጋፊዎች ደንቡን የሚከላከሉት ለጥራት ነው በማለት ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። በራሱ አዳራሽ የራሱን ፊልም ለሕዝብ ለማሳየት የተቋቋመ ፌስቲቫል፣ አፍሪካውያን በአቅማቸው ፊልም የሚሠሩበትን መሣሪያ ባገኙበት በዚያ ዘመን ዋናውን በር መዝጋቱ ከመነሻ ዓላማው ጋር የሚጋጭ ነበር። የቪዲዮና የቴሌቪዥን ሥራዎች የተለየ ዘርፍ ቢኖራቸውም የሚነገርለት ሽልማት ፈረሱ ብቻ ነበርና ያ ማካካሻ አልሆነም። ደንቡ ተሻሽሎ በዲጂታል የተሠሩ ፊልሞች ለፈረሱ መወዳደር የጀመሩት ከ2015 ነው።

አድልዎውን በተመለከተ፣ ቅሬታው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የአሸናፊዎቹን ዝርዝር ስንመለከት ከሰሜንና ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ፈረንሳይኛ ከሚነገርባቸው አገሮች የመጡት በርካታ ናቸው፤ ሞሮኮ ብቻዋን አራት ጊዜ ወስዳለች። ይህ ግን ከዳኞች ዝንባሌ ይልቅ ገንዘቡ ከየት ይመጣ እንደነበር የሚያሳይ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ለቀድሞ ቅኝ ግዛቶቹ የፊልም ሥራ ድጋፍ ይሰጥ ስለነበር፣ በ35 ሚሊ ሜትር የሚጨረስ ፊልም የሚሠራው በአብዛኛው በእነዚያ አገሮች ነበር። ከዚያ ክልል ውጭ ጋና በ1989፣ ደቡብ አፍሪካ በ2005፣ ናይጄሪያ በ2007፣ ኢትዮጵያ በ2009 አሸንፈዋል፤ በሩ ከሰፋ በኋላም ሩዋንዳ በ2019፣ ሶማሊያ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረሱን ወስደዋል። የሶማሊያው ፊልም ዳይሬክተር ኻዳር አይዴሩስ አሕመድ በፊንላንድ የሚኖር ሲሆን፣ ፊልሙን የቀረጸው በጎረቤታችን በጅቡቲ ነው፤ ከአዲስ አበባ በባቡር በሚደረስበት ከተማ ማለት ነው።

የፊልሞቻችንን ጥንካሬ በተመለከተ የጠየቁኝን በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። ነገር ግን ከበሩ ስለተከለከሉ ብቻ ደካማ ነበሩ ብሎ መፍረድም፣ ቢገቡ ኖሮ ያሸንፉ ነበር ብሎ መቆጨትም ልክ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የተወለድሁት አሜሪካ ነው፤ ወላጆቼ ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። አጭር ፊልም ሠርቼአለሁ፣ አሁን ረጅም እየጻፍሁ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ዋጋዱጉ ላይ እንደ አፍሪካዊ ይቆጠራል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጃችን፣ መጀመሪያ የኃይሌን ምሳሌ ላንሣ፤ ለአንቺም ቅርብ ነው። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልዶ በ1967 ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ፊልም የተማረ፣ ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ያለውን ሳንኮፋ የመጻሕፍት መደብር ምናልባት ታውቂው ይሆናል፤ የእርሱና የባለቤቱ የሺርኪያና አይና ነው። ከአርባ ዓመት በላይ በውጭ ኖሮ የወርቅ ፈረሱን ሲወስድ «ጤዛ» የተቆጠረው የኢትዮጵያ ፊልም ተብሎ ነው። የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብርም በጀርመን የሕክምና ትምህርት ተምሮ፣ በደርግ ዘመን ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ የሚመለስ ሰው ነው።

ከአህጉሩ ውጭ የተወለዱ ጥቁር ፊልም ሠሪዎች ጉዳይ ግን ረዘም ያለ ታሪክ አለው። ፌስፓኮ ለእነርሱ ለዓመታት በጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝና ተዋናይ በፖል ሮብሰን ስም የተሰየመ የተለየ ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ ለየኔንጋ ፈረስ ግን አይወዳደሩም ነበር። ይህም ከ2015 ጀምሮ ተቀይሮ የዳያስፖራ ፊልሞች ለፈረሱ እንዲወዳደሩ ተፈቅዷል። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። የምመክርሽ፣ የምታስገቢበት ዓመት ደንብ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ቦታ ለማሳየት እንዳትቸኩይ ነው፤ ፌስቲቫሎች በየጊዜው ቀድሞ መታየትን የሚመለከት ሁኔታ ያስቀምጣሉና።

ጥያቄ፦ ሴት ዳይሬክተር ይህን ሽልማት አግኝታ ታውቃለች? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እኅታችን፣ አታውቅም። ከ1972 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ የወርቅ ፈረሱን የወሰዱት ሁሉ ወንዶች ናቸው። በፈረስ ላይ የተቀመጠች ተዋጊ ሴት ምስል ያለበት፣ የመጀመሪያውን ዝግጅት ሴት የመራችው ፌስቲቫል ይህን ያህል ዘመን አንዲት ሴት አለመሸለሙ ያሳዝናል። ሥራው ስለጠፋ አይደለም፤ ዳይሬክተሯ ሣራ ማልዶሮር በ1972 በካርቴጅ የወርቅ ታኒትን ወስዳለች። በ2013 ፌስፓኮ የሁሉንም ዘርፍ ዳኞች ሰብሳቢ ሴቶች እንዲሆኑ አድርጎ ነበር፤ የልብ ወለድ ፊልሞቹን ዳኞች የመራችው የማርቲኒኳ ዩዛን ፓልሲ ነበረች። አሸናፊው ግን በዚያም ዓመት ወንድ ሆነ። ወደ ወርቁ በቅርብ ጊዜ እጅግ የቀረበችው የቡርኪና ፋሶዋ አፖሊን ትራኦሬ ስትሆን፣ በ2023 «ሲራ» በተሰኘው ፊልሟ የብር ፈረሱን አግኝታለች። ፊልሙ በታጣቂዎች ስለተጠለፈች ወጣት ሴት የሚናገር ሲሆን፣ በአገሯ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ስላላስቻላት የቀረጸችው ሞሪታኒያ ሄዳ ነው።

ከእኛም ወገን ሊታወስ የሚገባው ስም አለ። ሄርሞን ኃይላይ በአዲስ አበባ ስላለ ወጣት የታክሲ አሽከርካሪ በሠራችው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» በ2015 ፌስፓኮ ላይ የአውሮፓ ኅብረትን ልዩ ሽልማት ወስዳለች። ልዩ ሽልማቶቹ ድርጅቶች በራሳቸው ዳኞች የሚሰጧቸው ሲሆኑ ከፈረሱ ጋር አይምታቱ፤ ክብራቸው ግን ትንሽ አይደለም። ሽልማቱ ዲጂታል ፊልም ዋናውን በር ባለፈበት በመጀመሪያው ዓመት መምጣቱን ለአዲስ አበባው ኤዲተር ወንድማችን ላስታውስ እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ አዘጋጇ አገር ለራሷ ታዳላለች የሚባለው እውነት ነው? ገንዘቡስ ስንት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዝርዝሩ እንደዚያ አይልም። ቡርኪና ፋሶ በራሷ ቤት ያሸነፈችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1991፣ በ1997ና ዳኒ ኩያቴ ባሸነፈበት በ2025። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው 28 ዓመት ጠብቃለች። እስካሁን ፈረሱን ሁለት ጊዜ የወሰዱት ዳይሬክተሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የማሊው ሱሌይማን ሲሴና ሴኔጋላዊው አላን ጎሚስ። ሲሴ በ2025 የዳኞች ሰብሳቢ እንዲሆን ተመርጦ ሳለ ፌስቲቫሉ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ባማኮ ላይ ዐርፏል። የአፍሪካ ሲኒማ አባት የሚባለው ሴምቤን ደግሞ ይህን ሽልማት ፈጽሞ አልወሰደም፤ ቢሆንም በ2007 እስከሞተበት ዓመት ድረስ ያለ እርሱ ፌስቲቫሉን ማሰብ አስቸጋሪ ነበር።

የወርቅ ፈረሱ 20 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ያስገኛል። ሴፋ ከዩሮ ጋር በቋሚ ምጣኔ የተሳሰረ ስለሆነ ገንዘቡ ከ30 ሺህ ዩሮ ጥቂት ይበልጣል። አንድ ረጅም ፊልም በሥርዓቱ ለመሥራት የሚበቃ አይደለም፤ ዕዳ ለመክፈል ግን ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው አገራችን ለምን እንዲህ ያለ ብሔራዊ የፊልም ፌስቲቫል የላትም? ጉማ ሽልማትስ በዚያ መንገድ ሊያድግ አይችልምን? (ከአዲስ አበባ፣ በርካታ አንባቢዎች)

መልስ፦ በመጀመሪያ ላለው ክብር እንስጥ። በፊልም ሠሪው ዮናስ ብርሃነ መዋ አነሣሽነት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከሠራው «ጉማ» ከተሰኘው ፊልም ነው። ግለሰቦች ከየስፖንሰሩ ገንዘብ እየለመኑ የያዙት ሥራ በመሆኑ እዚህ መድረሱ ያስመሰግናል። ዳሩ ግን ጉማ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው፤ በአንድ ምሽት ተዋናዩና ዳይሬክተሩ ጥቁር ልብስ ለብሰው ይሰበሰባሉ፣ ዋንጫ ይሰጣል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ተሸላሚውን ፊልም በማግስቱ ማየት የሚፈልግ የሐዋሳ ወይም የደሴ ሰው የት ሄዶ ያያል? በፌስቲቫልና በሽልማት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ጥያቄ ነው።

እኛ እኮ አዳራሾችን ወርሰን እናውቃለን። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሲኒማ ቤቶች የመንግሥት ሆነዋል፤ ሲኒማ ኢትዮጵያንና አምባሳደርን ሲያስተዳድር የኖረውም የመንግሥት ድርጅት ነበር። የፊልም ኮርፖሬሽንም ነበረን፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ፈርሷል። ስለዚህ የላይኛው ቮልታ ያደረገችውንና እኛ ያላደረግነውን ለመለየት አዳራሹን ማን ያዘ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ከእያንዳንዱ ቲኬት የሚነሣው ገንዘብ ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚያ ገንዘቡ ተመልሶ ወደ አገር ውስጥ ፊልም እንዲሄድ ድንጋጌ ወጣ። እኛ ዘንድ ተመልካቹ ከቲኬቱ ጋር ግብር ከፍሏል፣ ፊልም ሠሪው ግን ቤቱን ሸጦ ነው ሲሠራ የኖረው። ይህን ስናገር ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አሠራሩ በሕግ ሊስተካከል የሚችል ስለሆነ ነው።

ሌላው ማኅደሩ ነው። በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው» የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ነው። የዛሬ የፊልም ተማሪ ይህን ሥራ በንጹሕ ቅጂ በትልቅ መጋረጃ ላይ የማየት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ዋጋዱጉ የሌሎችን አገሮች ፊልም ጭምር የሚጠብቅ ሲኒማቴክ ስትሠራ፣ እኛ የራሳችንን ልጆች ሥራ በየግለሰቡ ሳጥንና በተበላሸ ካሴት ውስጥ ትተናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ የተሠሩት ደግሞ ከሴሉሎይዱም ይልቅ ቶሎ የሚጠፉ ናቸው።

ስለዚህ መንግሥት ነገ ብሔራዊ ፌስቲቫል አቋቁማለሁ ቢል፣ በመጀመሪያ የምለምነው ለዋንጫው ወርቅ እንዳያወጣ ነው። በክልል ከተሞች ያሉትን የባህል አዳራሾች በሥርዓቱ ፊልም የሚያሳዩ ያድርጋቸው፤ ከዚያ የቀሩትን ቅጂዎች ይሰብስብ። ዋጋዱጉ ላይ በእያንዳንዱ ፌስቲቫል መክፈቻ ሰሞን ከየአገሩ የመጡ ፊልም ሠሪዎች በመሀል ከተማ ባለው የፊልም ሠሪዎች አደባባይ ይሰበሰባሉ፤ በሐውልቱ ዙሪያ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ መሬት ላይ ውኃ አፍስሰው የሞቱ ባልደረቦቻቸውን ያስባሉ። ከአደባባዩ በሚነሣው ጎዳና ላይም በነሐስ የተቀረጹ ፊልም ሠሪዎች ቆመዋል። የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪው ሁሉ በየቀኑ በእነርሱ ሥር ያልፋል። በአዲስ አበባ አንድም ፊልም ሠሪ በስሙ የተሰየመ ጎዳና እንኳ የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ሽልማትን ብቻ ማብዛት ሙያውን ያስከብረዋል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ፊልሜን ለሚቀጥለው ፌስፓኮ ማስገባት እፈልጋለሁ። ምን ላዘጋጅ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እስካሁን በነበረው ተራ ከሄደ 30ኛው ፌስፓኮ የሚካሄደው በ2027 ነው። የምዝገባው ማስታወቂያ ከወራት በፊት በፌስቲቫሉ ድረ ገጽ ላይ ይወጣልና ደንቡን ከራሱ ምንጭ ያንብቡ፤ በፌስቡክ ከሚዘዋወር ወሬ አይነሡ። ፊልሙ ካለፈው ዙር ወዲህ የተጠናቀቀ መሆን እንዳለበት ያስታውሱ። የግርጌ ጽሑፉን በፈረንሳይኛ ያሠሩ፤ ተመልካቹም ሆነ መራጩ በብዛት የሚያነበው ይህን ቋንቋ ነውና። ትርጉሙን በማሽን ብቻ አያሠሩ፤ ቋንቋውን የሚኖርበት ሰው መጨረሻ ላይ ፊልሙን እያየ ያስተካክለው። የተጠቀሙበት ዘፈን ካለ የባለመብቱን የጽሑፍ ፈቃድ አሁኑኑ ይያዙ፤ ፊልም ከተመረጠ በኋላ ባለመብት ፍለጋ መሮጥ ብዙዎችን አስቸግሯል። ለአዳራሽ የሚላከው ዲሲፒ የተባለው ቅጂ ደግሞ በላፕቶፕ ላይ መልካም ቢመስልም በአዳራሽ ድምፁ ሊለይ ይችላልና፣ ከመላክዎ በፊት አንድ ጠዋት ሲኒማ ቤት ለምነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳዩት።